ፊሊፒናውያን ለምን ይህን ያህል ይበራሉ?

ማኒላ የሚገኘው የኒኖይ አኩዊኖ አየር ማረፊያ በ2024 ከ50 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አስተናግዷል። በታሪኩ ትልቁ ቁጥር ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አየር ማረፊያው ይችላል ተብሎ ይነገር የነበረው ግን በዓመት ከ30 እስከ 35 ሚሊዮን ሰው ነው።

በአካባቢው ብዙ ሰው የሚያስተናግድ አየር ማረፊያ ሞልቷል። ባንኮክ አለ፣ ሲንጋፖር አለ፣ ኩዋላ ላምፑር አለ። የፊሊፒንስ ነገር ለየት የሚለው ተሳፋሪው ማን ነው ብለን ስንጠይቅ ነው። ታይላንድ በ2019 ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ የውጭ ጎብኚ ተቀብላለች። ፊሊፒንስ በዚያው ዓመት የተቀበለችው ከ8 ሚሊዮን ትንሽ ከፍ ይላል። ባንኮክ ላይ ወረፋውን የሚሞላው ከውጭ የመጣ ጎብኚ ነው። ማኒላ ላይ ግን ከውጭ አገር ተጓዡ ትልቅ ድርሻ ያለው የአገሬው ሰው ነው። ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል።

ስለ አየር ጉዞ ዕድገት ሲነገር የተለመደ ቅደም ተከተል አለ። የአገር ገቢ ያድጋል። መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ይበዛል። ከዚያ ሰው ለመዝናናትም ለንግድም መብረር ይጀምራል። ፊሊፒንስ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጣዋለች። መጀመሪያ ሕዝቧ በረረ፤ ገንዘቡ ኋላ መጣ። የዚህችን አገር የ50 ዓመት የአየር ጉዞ ዕድገት የሚያስረዳው ዋናው ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛም ልጆቻችንን ዓረብ አገር የምንልክ ሕዝብ ነንና ታሪኩ የሩቅ አይሆንብንም።

ከደሴት መውጣት

ከመልክዓ ምድሩ እንጀምር። ፊሊፒንስ 7,641 ደሴቶች አሏት። ከማንም አገር ጋር የየብስ ድንበር የላትም። ታይላንዳዊ አውቶቡስ ተሳፍሮ ላኦስ ይገባል። ከማሌዥያዋ ጆሆር የሚነሳ ሠራተኛ በየቀኑ ድልድዩን ተሻግሮ ሲንጋፖር ሠርቶ ማታ ቤቱ ይገባል። ፊሊፒናዊ ይህ ዕድል የለውም። ከደቡቡ ጫፍ ወደ ማሌዥያዋ ሳባ በጀልባ የሚሻገሩ አሉ። ከእነሱ በቀር ከአገር መውጣት ማለት በተግባር አውሮፕላን መሳፈር ማለት ነው።

ስለዚህ የፊሊፒንስን የበረራ ቁጥር ከጎረቤቶቿ ጋር ስናወዳድር ይህን ልብ እንበል። ሌላው አገር በመኪናና በባቡር የሚያደርገው የድንበር ማዶ ጉዞ እዚህ ከሞላ ጎደል በአየር መንገድ መዝገብ ላይ ይወድቃል።

አየር መንገዱም ቀደም ብሎ ነው የመጣው። የፊሊፒንስ አየር መንገድ በ1941 ተመሠረተ። ጦርነቱ አቋረጠው። በ1946 ሐምሌ ላይ በኪራይ ያገኘው ዲሲ-4 አውሮፕላን 40 አሜሪካውያን ወታደሮችን ከማኒላ ጭኖ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ አደረሰ። የፓስፊክን ውቅያኖስ ያቋረጠ የመጀመሪያው የእስያ አየር መንገድ ሆነ። የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው። ሁለቱም በዚያ ዓመት የበረሩት ከጦርነቱ በተረፉ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ነበር።

በዚያን ዘመን የሚበረው ሰው ጥቂት ነው። ባለሥልጣን፣ ነጋዴ፣ ሀብታም። ለሥራ የሚሰደደው ሰው በመርከብ ነበር የሚሄደው። ከ1906 ጀምሮ ወደ ሃዋይ የሸንኮራ እርሻዎች የተጓዙት ፊሊፒናውያን ሁሉ በባሕር ነው የሄዱት።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በነርሶች ነው። አሜሪካ በ1965 የኢሚግሬሽን ሕጓን ስታሻሽል ለሠለጠነ ባለሙያ በር ተከፈተ። የፊሊፒንስ ነርሶች በእንግሊዝኛና በአሜሪካ ሥርዓት የተማሩ ስለነበሩ ቀድመው ገቡ። ሕጉ ቤተሰብ ማምጣትንም ይፈቅዳል። አንዷ ነርስ ሄደች፤ ባሏን ወሰደች፤ ከዓመታት በኋላ እናቷን፣ ከዚያ እህቷን። ልጆቹ በተራቸው አያታቸውን ለመጠየቅ ይመጣሉ። አንድ ጉዞ በሃያ ዓመት ውስጥ ብዙ ጉዞ ይወልዳል። ከማኒላ ወደ ሎስ አንጀለስና ሳን ፍራንሲስኮ የሚደረገው በረራ እስከ ዛሬ ወፍራም የሆነው በዚህ ነው። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያለ አበሻ ይህን ለማስረዳት ሰው አያስፈልገውም።

መንግሥት ራሱ ላኪ ሲሆን

ትልቁ ማጠፊያ 1974 ነው። ፕሬዚዳንቱ ፈርዲናንድ ማርኮስ ነበሩ፤ አገሪቱም በወታደራዊ አዋጅ ሥር ነበረች። ከአንድ ዓመት በፊት የነዳጅ ዋጋ ንሯል። ፊሊፒንስ ነዳጅ ትገዛለች፤ ዶላር ቸግሯታል፤ ሥራ አጡ ብዙ ነው። በሌላ በኩል ሳዑዲ ዓረቢያና ጎረቤቶቿ በዚያው ነዳጅ ገንዘብ ተጥለቅልቀው መንገድና ወደብ የሚሠራላቸው ጉልበት ይፈልጋሉ።

በዚያ ዓመት የወጣው የሠራተኛ ሕግ ዜጎችን ለሥራ ወደ ውጭ መላክን የመንግሥት ሥራ አደረገው። የሚመለመሉበት፣ ኮንትራት የሚፈርሙበት፣ ገንዘብ የሚልኩበት ሥርዓት ተዘረጋ። ለጊዜው ነው ተባለ። ኢኮኖሚው እስኪያገግም ድረስ።

በ1975 በዚህ መንገድ የወጡት ወደ 36 ሺህ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ሁለት ሦስተኛው መርከበኞች ነበሩ። በ2006 በአንድ ዓመት ብቻ የወጣው ሠራተኛ ከ1 ሚሊዮን አለፈ። ጊዜያዊ የተባለው ነገር ግማሽ ክፍለ ዘመን ሞላው።

ይህ ለአየር መንገድ ምን ማለት እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው። ለመዝናናት የሚጓዝ ሰው ቲኬት ሲወደድ ይቀራል። ኑሮ ሲከብድ ይቀራል። የኮንትራት ሠራተኛ ግን አይቀርም። ቲኬቱን ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው አሠሪው ነው። ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ከሆነ በሁለት ዓመቱ ይመለሳል። እሱ ሲመለስ ሌላው ይተካል፤ ወይም ራሱ አድሶ ይሄዳል። አገር ቤት ኢኮኖሚው ሲዳከም ደግሞ የሚሄደው ሰው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በሌላው አገር ችግር በረራን ሲያቀዘቅዝ እዚህ ችግሩ ራሱ ተሳፋሪ ያመጣል።

መርከበኞቹን አንርሳ። ብዙ ሰው መርከበኛ በመርከብ የሚሄድ ይመስለዋል። የሚሄደው በአውሮፕላን ነው። መርከቡ ሮተርዳም ወይም ሳንቶስ ወደብ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከወራት ሥራ በኋላ ኮንትራቱ ሲያልቅ መርከቡ የደረሰበት ወደብ ላይ ይወርድና በአቅራቢያው ካለ አየር ማረፊያ ወደ ማኒላ ይበራል። ከዓለም መርከበኞች ከአምስት አንዱ፣ በአንዳንዶች ግምት ከአራት አንዱ ፊሊፒናዊ ነው። ይህ ሁሉ ሰው በየጊዜው በአየር ይመላለሳል።

ከዚህ ጋር ወቅቱም አለ። ፊሊፒንስ ውስጥ የገና ስሜት የሚጀምረው መስከረም ላይ ነው። ታኅሣሥ ሲደርስ ከሪያድ፣ ከዱባይ፣ ከሆንግ ኮንግ የሚመጣው አውሮፕላን ሁሉ ይሞላል። መንግሥትም በ1973 ውጭ የሚኖሩ ዜጎች ለእረፍት አገራቸውን እንዲጎበኙ የሚያበረታታ ልዩ ዘመቻ ጀምሮ ነበር። ኋላ በ1989 በሕግ ተደግፎ ከቀረጥ ነፃ ዕቃ ማስገባትን የመሰሉ ጥቅሞች ተጨመሩበት።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ቁጥሩ ብቻ እንዲታይ አልፈልግም። ከእያንዳንዱ ኮንትራት ጀርባ አያት ጋር የቀረ ልጅ አለ። በ1995 ሲንጋፖር ውስጥ ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የተባለች የቤት ሠራተኛ በስቅላት ስትቀጣ ፊሊፒንስ በቁጣ ተናወጠች። በጥቂት ወራት ውስጥ የስደተኛ ሠራተኞችን መብት የሚያስጠብቅ ሕግ ወጣ። በ2018 ደግሞ ኩዌት ውስጥ የአንዲት የቤት ሠራተኛ አስከሬን በማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘ። መንግሥት ወደ ኩዌት አዲስ ሠራተኛ መላክን ለወራት አገደ፤ ሰዎቹን የሚመልስ በረራ ተዘጋጀ። እነዚህም የዚህ የአየር ጉዞ ታሪክ አካል ናቸው።

ማን ያመላልሳቸው?

ተሳፋሪ መኖሩ ብቻ በረራ አያመጣም። በዓለም አቀፍ በረራ ላይ አንድ አየር መንገድ ደስ ባለው አገር ሄዶ ማረፍ አይችልም። ሁለቱ መንግሥታት ይፈራረማሉ። ስንት በረራ በሳምንት፣ ስንት ወንበር፣ የትኛው ከተማ የሚለው ሁሉ በስምምነቱ ይወሰናል። ወንበሩ ካለቀ ፈላጊው ምንም ቢበዛ አይጨመርም።

ማርኮስ በ1973 አገሪቱ አንድ አየር መንገድ ብቻ ይኑራት ብለው ወስነው ነበር። የፊሊፒንስ አየር መንገድ ብቻውን ሃያ ዓመት ያህል ሜዳውን ያዘ። ተወዳዳሪ ስለሌለው ዋጋው ውድ፣ ምርጫው ጠባብ ነበር። የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ይህን ክፍተት አዩ። ኤሚሬትስ በ1990 ማኒላ ገባ። ሠራተኛውን ወደ ዱባይ ብቻ አይደለም የሚወስደው። ዱባይ ላይ አውርዶ ወደ ሚላን፣ ወደ ለንደን፣ ወደ ጂዳ ያስተላልፈዋል። በሁለት ሌሎች አገሮች መካከል ያለን መንገደኛ በራስ አገር በኩል ማሳለፍ በአቪዬሽን ቋንቋ ስድስተኛው ነፃነት ይባላል። አዲስ አበባ በትራንዚት መንገደኛ የተሞላችውም በዚሁ አሠራር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2015 ማኒላን መዳረሻው ሲያደርግ ይህንኑ ገበያ ነው የተጋራው።

በ1995 ፕሬዚዳንት ፊደል ራሞስ የአየር ትራንስፖርቱን ለውድድር ከፈቱት። በዓመቱ ሴቡ ፓሲፊክ የተባለው የግል አየር መንገድ በአገር ውስጥ በረራ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የእስያ የገንዘብ ቀውስ መጣ። የፊሊፒንስ አየር መንገድ በዕዳና በአብራሪዎች አድማ ተመትቶ በ1998 መስከረም ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል ሙሉ በሙሉ ቆመ። የሆንግ ኮንጉ ካቴይ ፓሲፊክ መጥቶ የአገር ውስጥ መስመሮችን እስከማብረር ደረሰ። በአንድ አየር መንገድ ላይ መንጠልጠል ለደሴቶች አገር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ሴቡ ፓሲፊክ በ2001 ወደ ሆንግ ኮንግ በመብረር ከአገር ወጣ። ምርጫው በአጋጣሚ አልነበረም፤ ሆንግ ኮንግ ውስጥ እጅግ ብዙ ፊሊፒናውያን በቤት ሥራ ተቀጥረው ይኖራሉ። ዛሬ ቁጥራቸው 200 ሺህ አካባቢ ነው። በ2005 ኩባንያው ወደ ርካሽ አየር መንገድ አሠራር ዞረ። አሠራሩ ቀላል ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበር ይበዛል። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ብዙ አይቆምም፤ አራግፎ ጭኖ ይነሳል። ሻንጣና ምግብ ለየብቻ ይሸጣሉ። ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያ ሳይጨመር በአንድ ፔሶ የሚሸጥ ቲኬት ማስታወቂያ ሲወጣ ሰው ሌሊት ኢንተርኔት ላይ ይጠብቅ ጀመር። በ2013 ኩባንያው ዱባይ ሲገባ 436 ወንበር የተጠቀጠቀበት ኤርባስ 330 ይዞ ነው። አንደኛ ማዕረግ የለውም። ለማን እንደታሰበ ግልጽ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ትልቅ እንቅፋት ነበር። በ2008 መጀመሪያ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የፊሊፒንስን የደኅንነት ቁጥጥር ደረጃ ዝቅ አደረገ። ችግሩ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ላይ ነበር እንጂ አውሮፕላኖቹ ወደቁ ተብሎ አልነበረም። የተቀጣው ግን አየር መንገዱ ነው። ወደ አሜሪካ በረራ መጨመር ተከለከለ። አውሮፓም በ2010 የፊሊፒንስን አየር መንገዶች በሙሉ አገደች። ደረጃው በአሜሪካ የተመለሰው በ2014 ነው። ስድስት ዓመት! ፈላጊው ነበረ፤ አዳዲስ አውሮፕላኖች ታዝዘው ነበር፤ ዕድገቱን የያዘው ቢሮ ውስጥ ያለ የቁጥጥር ድክመት ነው። ስለ አቪዬሽን ሲወራ አውሮፕላንና ሕንፃ ብቻ ይጠቀሳል። ደኅና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከሁለቱም ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ትውልድ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በ2024 በውጭ ያሉ ፊሊፒናውያን በባንክ የላኩት ገንዘብ 34 ቢሊዮን ተኩል ዶላር ያህል ነው። ከአገሪቱ ኢኮኖሚ 8 በመቶ ይበልጣል። ይህ ገንዘብ ቤት ሠርቷል፤ ከሁሉም በላይ ግን ትምህርት ቤት ከፍሏል።

በእናቱ የሪያድ ደመወዝ የተማረው ልጅ ዛሬ ማኒላ ወይም ሴቡ ውስጥ የጥሪ ማዕከል ይሠራል። ከአሜሪካ የሚደወል ስልክ ይመልሳል፤ የሌላ አገር ድርጅት ሒሳብ ይይዛል። ይህ ዘርፍ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቀጥሯል። ልጁ የራሱ ደመወዝ፣ የራሱ ካርድ፣ ርካሽ ቲኬት አለው። ሆንግ ኮንግ፣ ሲንጋፖር፣ ታይላንድና ቬትናም ያለ ቪዛ ይገባል። ታይዋንም ከ2017 ጀምሮ ቪዛውን አንስታለች።

የጃፓን መዝገብ ይህን ለውጥ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ2013 ጃፓንን የጎበኙ ፊሊፒናውያን 108 ሺህ ያህል ነበሩ። በ2019 ከ600 ሺህ አለፉ። በ2024 ከ818 ሺህ በላይ ደረሱ። በአሥራ አንድ ዓመት ሰባት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ጃፓን የቪዛ አሰጣጧን አላላች፤ የን ረከሰ፤ ቀጥታ በረራ በዛ። ከሁሉም በታች ግን ያ በሐዋላ የተማረ ትውልድ አለ። የተለመደው ቅደም ተከተል፣ ገቢ አድጎ ጉዞ የሚከተልበት፣ ፊሊፒንስ ላይ የደረሰው አሁን ነው። አሮጌው ማዕበል ሳይቆም አዲሱ ተጨመረበት።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥሮቹ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። አየር ማረፊያ 50 ሚሊዮን መንገደኛ አስተናገደ ሲባል 50 ሚሊዮን ሰው ማለት አይደለም። የአገር ውስጡም የውጩም ተደምሮ ነው። የገባም የወጣም ይቆጠራል። ከዳቫው ተነስቶ በማኒላ በኩል ሪያድ የሚሄድ ሠራተኛ ማኒላ ላይ ሲያርፍ አንድ፣ ሲነሳ ሌላ ተብሎ ይመዘገባል። ሲመለስም እንደዚያው። ስለዚህ የአንድ አገር ሕዝብ ምን ያህል ይበራል ብሎ ለማወቅ የአየር ማረፊያን ቁጥር በሕዝብ ብዛት ማካፈል ያሳስታል። አሳሳች ንጽጽር በየዜናው ስለማይ ነው ይህን ማንሳቴ።

ሌላው ነገር የዕድገቱ ፍጥነት ነው። በዓመት 7 በመቶ ማደግ ትንሽ ይመስላል። በአሥር ዓመት እጥፍ ያደርጋል። የዓለም የአየር ጉዞ በአማካይ በየአሥራ አምስት ዓመቱ እጥፍ እየሆነ ነው የመጣው። አየር ማረፊያ ለመሥራት ደግሞ መሬት ከመያዝ እስከ ምረቃ አሥር ዓመት በቀላሉ ያልፋል። ዛሬ ሞልቷልና እንሥራ ያለ አገር ሲጨርስ እንደገና ሞልቶ ያገኘዋል።

ማኒላ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ተርሚናል አንድ በ1982 ሲከፈት ለ4 ሚሊዮን ተኩል መንገደኛ ነበር የታሰበው። ከተማው አየር ማረፊያውን ከቦታል፤ የሚሰፋበት ቦታ የለም። ሁለቱ መንደርደሪያዎች ይቋረጣሉ፤ ስለዚህ አንዱ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ ሌላው መጠበቅ አለበት። በ2023 ጥር 1 ቀን የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያው ኃይል ተቋርጦ የአገሪቱ ሰማይ ለሰዓታት ተዘጋ። ወደ 56 ሺህ መንገደኛ ተጉላላ። ከገና እረፍት በኋላ ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ብዙዎች ነበሩበት። የኮንትራት ሠራተኛ በሰዓቱ ካልደረሰ የሚያጣው ነገር ከአንድ ቀን በላይ ሊሆን ይችላል።

በ2024 መስከረም የአየር ማረፊያው አስተዳደር ሳን ሚጌል የተባለው ትልቅ ኩባንያ ለሚመራው የግል ጥምረት ተሰጠ። በተከታዩ ዓመት የውጭ በረራ ተርሚናል ክፍያ ከ550 ወደ 950 ፔሶ ወጣ። ይኸው ሳን ሚጌል ከማኒላ በስተሰሜን ቡላካን ውስጥ፣ በባሕር ዳርቻ 2,500 ሄክታር ላይ አዲስ አየር ማረፊያ እየሠራ ነው። ሲጠናቀቅ በዓመት 100 ሚሊዮን ሰው ይችላል ተብሏል። በቦታው በዓሣ ማስገር ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ተነስተዋል፤ የአካባቢ ተቆርቋሪዎችም ስለ ጎርፍና ስለ ማንግሮቭ ደኑ ይጮኻሉ። ቦሌ መጨናነቁንና ቢሾፍቱ አካባቢ የተወጠነውን የሚከታተል ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል።

በሩ ላይ ያለው ሰው

ከፊሊፒንስ መውጣት ለሁሉም እኩል አይደለም። በ1977 የተደነገገ የጉዞ ታክስ አለ፤ በኢኮኖሚ ማዕረግ ለሚሄድ ዜጋ 1,620 ፔሶ። በመደበኛ መንገድ ለሥራ የሚሄድ ሠራተኛ ከዚህም ከተርሚናል ክፍያውም ነፃ ነው። መንግሥት የትኛውን ጉዞ እንደሚያበረታታ ክፍያው ራሱ ይናገራል።

ኢሚግሬሽኑ ሌላ ነው። ቱሪስት ነኝ ብለው ወጥተው በሕገወጥ ደላላ እጅ የሚወድቁ ስላሉ መኮንኖቹ ተጓዡን በጥያቄ ያጣድፋሉ። የተጠረጠረ ከበረራው ይቀራል። በ2022 ከ32 ሺህ በላይ ፊሊፒናውያን በዚህ መንገድ ተመልሰዋል። የሕገወጥ ዝውውር ወይም የሕገወጥ ምልመላ ሰለባ ሆነው የተገኙት 472 ናቸው። አንዲት ተጓዥ የትምህርት ቤት የምረቃ መጽሔቷን አምጪ መባሏን በ2023 ስትናገር አገሩ ተቆጣ። ቁጣው ትክክል ነበር እላለሁ። ቲኬቷን ከደመወዟ ቆጥባ የገዛች ወጣት ናት የምትከስረው፤ ደላላው አይደለም።

እኛም ጋ በ2013 ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድ ታግዶ ነበር። እገዳው በ2018 እስኪነሳ ሰው መሄዱን አልተወም። በየመን በኩል በጀልባ ሄደ፤ በሱዳን በኩል ሄደ። ከአየር መንገድ መዝገብ ጠፋ እንጂ ከመንገዱ አልጠፋም።

መንግሥት ቧንቧውን በአንድ ቀን መዝጋት እንደሚችል ኮሮናም አሳይቷል። በ2019 ወደ 48 ሚሊዮን የነበረው የማኒላ መንገደኛ በ2020 ወደ 11 ሚሊዮን ወረደ፤ በ2021 ጭራሽ ወደ 8 ሚሊዮን። ነርሶች ከአገር እንዳይወጡ ታገዱ። ኋላ በዓመት 5,000 ብቻ ተፈቀደ፣ ቆይቶ 6,500፣ ከዚያ 7,500። በሌላ በኩል በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በልዩ በረራ አገራቸው ገቡ። በ2023 ተሳፋሪው በብዛት ተመልሶ ነበር፤ በ2024 የድሮውን አለፈ።

ወደፊትስ? በ2022 በተደረገ ጥናት የፊሊፒንስ እናት የምትወልደው በአማካይ 1.9 ልጅ ነበር። በማርኮስ ዘመን ስድስት አካባቢ ነበር። ወጣት ጉልበት እንደ ድሮው አይትረፈረፍም። ነርስና ተንከባካቢ ፈላጊው ግን ጨምሯል፤ ጀርመንም ጃፓንም እንግሊዝም ይሻማሉ። በእኔ ግምት በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት የመዝናኛ ተጓዡ ድርሻ ያድጋል፤ የሠራተኛው በረራ ደግሞ ከቤት ሥራ ወደ ሠለጠነ ሙያ እያዘነበለ ይቀጥላል።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመን የበረራው ብዛት አይመስለኝም። ፊሊፒንስ ሕዝቧ እየበረረ በሄደ ቁጥር ከኋላው የሠራችው ሥርዓት ነው። በ2006 ለቤት ሠራተኛ ዝቅተኛውን ደመወዝ 400 ዶላር ብላ ለአሠሪዎች አስቀምጣ ነበር። በየኤምባሲው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ አላት። ከ2022 ጀምሮ ለስደተኛ ሠራተኞች ብቻ የቆመ ሚኒስቴር አላት። በእያንዳንዱ ኮንትራት 25 ዶላር ተከፍሎበት ሠራተኛው የደኅንነት ፈንዱ አባል ይሆናል። በደል ሲደርስበት፣ ሲታመም ወይም ጦርነት ሲነሳ የመመለሻ ቲኬቱን የሚጠይቅበት ቦታ አለው። ሥርዓቱ ጉድለት ሞልቶታል፤ ፊሊፒናውያን ራሳቸው በየቀኑ ይከራከሩበታል። ቤሩት ወይም ሪያድ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ የሚሠሩ አንዲት ፊሊፒናዊትና አንዲት ኢትዮጵያዊት ችግር ሲገጥማቸው ግን ማን ጋ እንደሚደውሉ ብትጠይቋቸው ልዩነቱን ይነግሯችኋል።